ከሽንኩርቱ በታች ያሉት ሸርጣኖች

ጋሽ ሙሀሲን የውሃ አባት ናቸው። ከሮቢ ወንዝ የሚጠለፈውን የመስኖ ውሃ ማን በየትኛው ቀን እንደሚያጠጣ ተራ የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ሃያ ሦስት ዓመት ከቦይ ቦይ ሲመላለሱ ኖረዋል። ከሽንኩርት ማሳዎቹ በታች ሸርጣን እየሞተ መሆኑንም መጀመሪያ ያዩት እሳቸው ናቸው። ተናገሩ። «ሙቀቱ ነው» ተባሉ። ሙቀት ለሸዋ ሮቢት አዲስ ነው እንዴ? ከማሳዎቹ በላይ ያለው ሸርጣን ሌላ ፀሐይ ነው የሚወጣለት?  ማሳው ላይ የተረጨው ፀረ ተባይ ታጥቦ ወንዝ ይገባል፤ ከታች ያለው ሰው ያንኑ ቀድቶ ይጠጣል። እኛ ግን ሽንኩርቱን ገዝተን ወደ ቤታችን!

በመጨረሻ ውባለም የምትባል ተመራማሪ መጣች። ለጋሽ ሙሀሲን ሥራዋን ያስረዳቻቸው በቀላሉ ነው።

«ሸርጣን በሽታን የሚታገለው በደሙ ውስጥ ባሉ ሴሎች ነው፣ ጋሼ። ሴሎቹ የትኞቹን ጂኖች እያሠሩ እንደሆነ በማሽን እናነባለን። መርዙ መከላከያቸውን አዳክሞት ከሆነ እዚያ ላይ ይታያል።»

«እንዲያ በይኝ! የሸርጣን ደብዳቤ ከፍታችሁ ልታነቡ ነዋ።»

«አዎ፤ ግን ደብዳቤው በሙቀት ቶሎ ይጠፋል። ደሙ እንደተቀዳ ከተራው እጅግ የሚቀዘቅዝ ደረቅ በረዶ ውስጥ መግባት አለበት። ያለኝ በረዶ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢቆይልኝ ነው።»

በማለዳ ከማሳዎቹ በላይ አሥራ ሁለት፣ ከማሳዎቹ በታች አሥራ ሁለት ሸርጣን ያዙ። ውባለም በአንዱ ባልዲ ክዳን ላይ «ላይ»፣ በሌላው ላይ «ታች» ብላ ጻፈች። ባልዲዎቹን የባጃጅ ሹፌሩ ረድዋን በባጃጁ ጫነ፤ ጋሽ ሙሀሲንና ውባለም በሌላ ባጃጅ ተከተሉት። ከተማ ውስጥ የተከራየችው አልቤርጎ ደርሰው ደም መቅዳት ጀመረች።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ዘጠኝ ብልቃጥ ሞልታለች። ጋሽ ሙሀሲን «ታች» የሚለውን ባልዲ አጎንብሰው አዩና ቀና አሉ።

«ይህችን አንድ መቆንጠጫዋ የጎደለውን ከላይ፣ ከድንጋይ ሥር ያወጣኋት እኔ ነኝ። እዚህ ምን ትሠራለች?»

«ክዳኑ ‹ታች› ይላል እኮ ጋሼ።»

«ክዳኑ ይዋሻል።»

ውባለም መርፌዋን አስቀመጠች። ባልዲዎቹ ተቀያይረው ከሆነ ጤነኛው የታች፣ የተጎዳው የላይ ሊባል ነው። መርዙ «ንጹሕ ነው» የሚል የሳይንስ ወረቀት ሊያገኝ!

ረድዋን በሩን ተደግፎ ቁልፉን ያሽከረክራል። ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

«ረድዋን፣ እስቲ እየኝ።»

«ምን አደረግሁ ጋሼ?»

«አደረግህ አልኩህ?»

«ወላሂ ለክፋት አይደለም! አንዱን ባልዲ ወንበሩ ላይ አሰርኩት፤ አንዱን እግር ሥር አስቀመጥኩት። ከጨረስኩ በኋላ ሳይ ወንበር ላይ ያለው ‹ታች› ይላል፤ መሬት ያለው ‹ላይ›! የአጫጫን ትእዛዝ መስሎኝ… ገመዱን ከምፈታ ክዳኑን አቀያየርኩት።»

ውባለም እስክሪብቶዋን አነሳች።

«እንግዲያው ብልቃጦቹ ላይ ያለውን ጽሑፍ እቀያይረዋለሁ» አለች ውባለም።

«የለም። እኔ ተራ ሲያጠራጥረኝ ውሃውን ዘግቼ እንደ አዲስ ዕጣ አወጣለሁ እንጂ ‹ይሆናል› ብዬ ለማንም አልለቅም። ነገ መርዙን የሚሸጠው ሰውዬ ‹ምስክራችሁ የባጃጅ ሹፌር ነው ወይ?› ቢልሽ ምን ልትመልሺ ነው?»

«ሹፌር ሰው አይደለም እንዴ ጋሼ?»

«አንተ ዝም በልና ሞተርህን አስነሳ!»

ውባለም ሰዓቷን አየች፤ ስድስት ሊሆን ነው። ከንፈሯን ነከሰች። ዘጠኙን ብልቃጥ ጠርጋ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጨመረቻቸውና የበረዶውን ሳጥን ታቅፋ ወጣች።

ወንዝ ተመልሰው እንደ አዲስ ሲይዙ ከማሳዎቹ በላይ ቀላል ነበር። ጋሽ ሙሀሲን ከየድንጋዩ ሥር ያወጣሉ፤ እሷ ባጃጁ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ሰማያዊ የሚመስለውን ደም ትቀዳለች። ባልዲ የለ፣ ክዳን የለ። ከማሳዎቹ በታች ሲደርሱ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ሽማግሌው ክንዳቸውን እስከ ትከሻቸው ጭቃው ውስጥ ወዳሉት የሸርጣን ጉድጓዶች ከተቱ። አንደኛው ጉድጓድ ባዶ። ሁለተኛው ባዶ። በአራተኛው አንድ አገኙ። ረድዋንም ሱሪውን ሰብስቦ ገባ፤ ተቆነጠጠና ጮኸ፤ ግን አልለቀቀም። ስምንት ተኩል አለፈ። አምስት ሞሉ። ስድስተኛዋን ጋሽ ሙሀሲን ሲያወጧት ሞታለች።

«ይህችስ?»

«የሞተ አያገለግልም ጋሼ። ደሙ ተበላሽቷል።»

ቀስ ብለው ዳር አስቀመጧት።

«አምስት ትንሽ ነው» አለች ውባለም። «ከታች የተገኘው ይኸው ነው ብዬ እጽፋለሁ። ማነሱ ራሱ ይናገራል።»

«አይናገርም! ጠዋት አሥራ ሁለቱን ያወጣናቸው እኛው ነን። እሱንም ጻፊ። መርዙ ያልሠራውን በመርዙ ላይ አናላክክም፤ የሠራው ይበቃዋል።»

ጻፈች። ሳጥኑ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ላይ ተዘጋ። ይህን ስጽፍ ውጤቱ ገና አልመጣም፤ ርጭቱ ግን አንድም ቀን አላረፈም።