እንቁላል ጠባቂውን ዓሣ ፍለጋ፣ ለሦስተኛ ጊዜ

ጠዋት 5፡00 (በፈረንጅ ሰዓት)፣ ኦክላንድ

ሁለት ጊዜ ሄደን ሁለት ጊዜ ባዶ እጃችንን ተመልሰናል። አንዴ ማዕበሉ ከለከለን፣ አንዴ ውሃው ደፍርሶ የራሳችንን እጅ እንኳ ማየት አቃተን። ለሦስተኛ ጊዜ መኪናዬን ሳስነሳ ግን ዛሬ ያ ዓሣ ፎቶ ሳይነሳ ወደ ቤት የሚመለስ የለም ብዬ ቆርጫለሁ። የሰፈሬ ሰው እሁድ ጠዋት ወይ ይተኛል ወይ ኦቨርታይም ይሠራል። እኔ ከድር ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ የኤርፖርት ሆቴል ሻትል ስነዳ ከርሜ፣ በጥር ብርድ ባሕር ውስጥ ልገባ ነው። እብድ ነው ብትሉኝ አልፈርድባችሁም።

የምንፈልገው ዓሣ ሊንግኮድ ይባላል። ከሞንተሬይ አለፍ ብሎ ባለው ድንጋያማ ዳርቻ፣ በዚህ ወራት ሴቷ እንቁላሏን ድንጋይ ስር ጥላ ውልቅ ትላለች። ወንዱ ግን እንቁላሉ እስኪፈለፈል ድረስ ከቦታው ንቅንቅ አይልም፤ የመጣ ቢመጣ እንቁላሉን ይጠብቃል። ይህን ዓሣ ጥበቃ ላይ እንዳለ ፊት ለፊት ማንሳት የጋሽ ሰይድ የስድስት ዓመት ምኞት ነው።

ጋሽ ሰይድ ሳን ሆዜ የሚኖሩ፣ ስድሳን ያለፉ የደሴ ሰው ናቸው። ታክሲ ሲነዱ አንድ ተሳፋሪ ኋላ ወንበር ላይ የባሕር ውስጥ ፎቶዎች ያሉበት መጽሔት ረስቶ ሄደ። እሱን ሲያገላብጡ በዚያው ተለከፉ። ኮርስ ወሰዱ፣ ያገለገለ ካሜራ ገዙ፣ ቀጥለው እኔን ለከፉኝ።

ጠዋት 6፡00፣ ሳን ሆዜ

የ880 አውራ ጎዳና ጭር ብሎ ነበር። ስደርስ የጋሽ ሰይድ ባለቤት እትዬ ዘሐራ ጋቢያቸውን እንደለበሱ በር ላይ ቆመዋል። ጭኮ በፕላስቲክ ዕቃ፣ ሻይ በፔርሙዝ አስታቀፉኝ።

«ከድር፣ እንደው ሐኪሙ ጆሮህን ምን አለህ ስለው ደህና ነኝ ብቻ ነው የሚለኝ። እውነት ደህና ነው?»

«ደህና ናቸው እትዬ፣ አያስቡ!» አልኩ አፌን ሞልቼ። ስለ ጆሯቸው የማውቀው ነገር አልነበረም። ግን እንዲህ ሲጠየቅ ሌላ ምን ይባላል?

101 አውራ ጎዳና ላይ ወጥተን ጊልሮይን እስክናልፍ ጋሽ ሰይድ ጭኮ ይቆርጣሉ። ከዚያ መስኮቱን እያዩ፣ «ማክሰኞ ጆሮዬን ኦፕሬሽን ልደረግ ነው» አሉ።

«እንዴ! ጋሼ!»

«ከዚያ በኋላ መጥለቅ የሚባል ነገር የለም ብሎኛል ዶክተሩ። እስከ ዕለተ ሞቴ።»

«ስለ ዛሬስ ምን አለዎት?»

«ስለ ዛሬ አልጠየቅኩትም።»

ሳቄም ንዴቴም እኩል መጣ። መኪናውን ላዙር ብዬ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ አንጀቴን በሉት። «ለዘሐራ አልነገርኳትም፤ አንተም ትንፍሽ እንዳትል» አሉኝ። እሺ አልኩ። እንግዲህ የዛሬው መጨረሻቸው ነው። ዓሣው ዛሬ ካልተገኘ መቼም አይገኝም።

ጠዋት 8፡30፣ ዳርቻው ላይ

ካስትሮቪል ሜዳው ሙሉ አርቲቾክ የሚባል፣ እንቡጡ የሚበላ ተክል ነው። መንገድ ዳር ከምትሸጠው ሴትዮ የተጠበሰውን በስድስት ዶላር ገዝተን በእጃችን እየበላን፣ ሞንተሬይ ደርሰን የአየር ታንክና ለመስመጥ የሚታሰር የእርሳስ ክብደት ተከራየን። ከዚያ ጥድ በጥድ የሆነውን ኮረብታ ተሻግረን ዳርቻው ላይ ደረስን። ባሕሩ ጸጥ ብሏል። አለቱ ጥቁር ነው፤ ከአለቱ ወዲያ የኬልፑ ቅጠል ውሃው ላይ ቡናማ ሆኖ ተኝቷል። ኬልፕ ከባሕር ወለል ተነስቶ እስከ ላይ የሚያድግ ተክል ነው። ላዩ ላይ ሲታይ ዝርክርክ አረም ይመስላል፤ ከስሩ ሲገቡ ግን ጫካ ነው።

ዌትሱቴን፣ ማለትም የመጥለቂያ የጎማ ልብሴን፣ ስለብስ የጀርባው ዚፕ ግማሽ መንገድ ላይ ቀጥ አለ። በግድ ስጎትተው ጥርሱ ረገፈ።

«ጨረስክ?» አሉ ጋሽ ሰይድ፣ ካሜራቸውን አቅፈው።

«ጨርሻለሁ፣ ደህና ነው!»

ምን ማለቴ ነበር? ሰውዬው ለመጨረሻ ቀናቸው ይህን ሁሉ መንገድ መጥተው በእኔ ዚፕ ሊመለሱ ነው? ይሉኝታ ያዘኝ።

ጎን ለጎን ቆመን ማዕበል ቆጠርን። ትልልቆቹ ካለፉ በኋላ ፊን የሚባለውን የመዋኛ ክንፍ እግራችን ላይ አድርገን የኋሊት እየተራመድን ገባን። ውሃው በተቀደደው ዚፕ በኩል ጀርባዬ ላይ ሲፈስ ጮኼ ልወጣ ምንም አልቀረኝም። ዋጥ አደረግኩት።

ውሃ ውስጥ ንግግር የለም፣ ያለው የእጅ ምልክት ነው። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ሲገጥሙ «ደህና ነህ?» ማለት ነው፤ መልሱም ያው ምልክት ነው። መዳፍ ተዘርግቶ ሲወዛወዝ ደግሞ ችግር አለ ማለት ነው። ማንም ቢሆን መውጣት ከፈለገ ያመለክታል፣ ሁለቱም ይወጣሉ፣ ለምን የሚል የለም። ያስተማሩኝ ጋሽ ሰይድ ራሳቸው ናቸው። ሆኖም እኔ ያደግኩት «ደህና አደርክ?» ሲባል «አልሃምዱሊላህ» እየተባለ ነው። አንድ ትልቅ ሰው ደህና ነህ ብሎኝ ደህና ነኝ የማልለው ሞቼ ከሆነ ብቻ ነው።

ሰላሳ ጫማ ወርደን በኬልፑ ግንዶች መካከል ተሹለከለክን። ሐምራዊ ባሕር ጃርት፣ ብርቱካንማ ኮከብ፣ ከላይ የሚወርድ አረንጓዴ ብርሃን። ጋሽ ሰይድ በየድንጋዩ ስር እያጎነበሱ ሄደው ድንገት ቆሙ። ክንዴን ጨብጠው አሳዩኝ። እሱ ነው! ወላሂ እሱ ነው! ርዝመቱ ክንድ ከስንዝር፣ አፉ ጥርስ በጥርስ፣ አጠገቡ ነጭ የእንቁላል ክምር ድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ተለጥፏል። ቢያየንም አልሸሸም።

የእኔ ሥራ መብራት መያዝ ነው። ጋሽ ሰይድ ብርሃኑ ከጎን ካልመጣ ፎቶ አይደለም ባይ ናቸው። ያን ጊዜ ግን ቆፈን ጣቶቼን አድርቋቸዋል፣ ጥርሴ የመተንፈሻውን ጎማ እየነከሰ ይንገጫገጫል። ጋሽ ሰይድ ዞረው ደህና ነህ አሉኝ። ደህና። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግመው ጠየቁ። ደህና። ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቁኝ። ደህና፣ ደህና! ክንዴ በሙሉ እየተንቀጠቀጠ።

ረፋድ፣ መኪና ማቆሚያው

ከውሃው በአራት እግሬ ነው የወጣሁት። ጎናችን መኪናዋን ያቆመች፣ ፀጉሯ የሸበተ ጠላቂ ነበረች፤ ጋሽ ሰይድን የሚስተካከል ዕድሜ አላት።

«አር ዩ ኦኬ?» አለችኝ።

«ኦኬ! ኦኬ!»

«ከንፈርህ እኮ ሰማያዊ ነው» አለችና ያመጣችውን ሙቅ ውሃ በዌትሱቴ አንገት በኩል ወደ ውስጥ ለቀቀችው። እንዲህ ያለ ደስታ በሕይወቴ አላውቅም።

ጋሽ ሰይድ ይህን እያዩ ካሜራውን ከፈቱ። አርባ ፎቶ። ጭራው የበራ፣ ድንጋዩ የበራ፣ የማንም ያልሆነ አሸዋ የበራ። የዓሣው ፊት በሁሉም ጨለማ ነው።

«መብራቱ ምን ሆኖ ነው?» ካሉ በኋላ ጀርባዬን አዙረው ዚፑን አዩት።

«ይሄ ውሃ ውስጥ ነው የተቀደደው?»

«ሳንገባ ነው ጋሼ።»

«ሦስት ጊዜ ጠየቅኩህ!»

«ይቅርታ ጋሼ። ቀንዎን እንዳላበላሽ ብዬ...»

«አንተ ልጅ፣ እኔ ሰላምታ መሰለህ የሰጠሁህ? ሰላሳ ጫማ ውሃ ስር ሆኜ ሰላምታ ልሰጥህ? እዚያ ብትደነዝዝ ማንን ነው የምጠራው? ለእናትህ ምን ብዬ ነው የምደውለው?» ስድስት ዓመት ሲቆጡኝ አይቼ አላውቅም። አፈርኩ፤ መግቢያ አጣሁ።

ሴትየዋ ቋንቋችንን ባትሰማም ነገሩ ገብቷት ኖሮ፣ ከመኪናዋ ኮፍያ ያለው የጎማ ሰደርያ አውጥታ ከውስጥ ልበሰው አለችኝ፤ ዚፑንም በወፍራም ፕላስተር ከላይ እስከ ታች አሸገችልኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። ጭኮውን ጨረስነው፣ ሻዩን ጠጣነው፣ እጄ ሲፍታታ የመኪናዬን ቁልፍ ከመሬት አንስቼ ጣቶቼ እንደሚሠሩ አሳየኋቸው።

«ያልተነካ ታንክ ገና አለን» አልኩ። «እንግባ። አሁን ግን ከጠየቁኝ እውነቱን ነው የምነግርዎት።»

«በል ተነስ» አሉ። «እውነቱን ብቻ።»

ከሰዓት፣ ሁለተኛው መጥለቅ

ዓሣው እዚያው ነው። ምን ያርግ፣ አባት ነው።

ጀርባዬ ደረቅ አይደለም፣ ግን ሙቀት አለው። መብራቱን ከጎን አድርጌ ያዝኩ፤ እጄ ንቅንቅ አላለም። ጋሽ ሰይድ ጠየቁኝ፤ ደህና አልኩ፣ እውነቴን ነው። በሆዳቸው አሸዋው ላይ ተጋድመው ካሜራቸውን አስተካከሉ። ዓሣው ፊቱን ሙሉ በሙሉ ወደ እኛ አዞረ። ስድስት ዓመት የጠበቁት ይህችን ነው። ወግ ነውና እኔም ደህና ነዎት ስል ጠየቅኳቸው።

ጣቶቻቸውን ማገጣጠም ጀመሩ። ሊገናኙ ትንሽ ሲቀራቸው ቆሙ። አየኋቸው፤ በማስኩ ውስጥ ዓይናቸው ጨፈን ገለጥ አለ። ከዚያ እጃቸው ተዘረጋ፣ መዳፋቸው ተወዛወዘ፣ ጆሯቸውን አመለከቱ።

ወዲያው እንውጣ አልኩ። ተስማሙ፤ ግን ካሜራውን እጄ ላይ አኖሩ፣ መብራቱን ከእጄ ወሰዱ፣ አንድ ጣታቸውን ቀሰሩ። አንድ ብቻ። አነጣጠርኩ። እሳቸው በሚያማቸው ጆሮ፣ መብራቱን ከጎን ቀጥ አድርገው ይዘውልኛል። ተጫንኩ። ክንዳቸውን ይዤ በዝግታ፣ በጣም በዝግታ፣ በኬልፑ መካከል ወጣን።

አለቱ ላይ ተቀምጠን ፎቶውን አየነው። አፉ ትንሽ ከፈት ብሏል፣ ዓይኑ አረንጓዴ ነው፣ ነጩ እንቁላል ጎኑ ላይ ያበራል። ጋሽ ሰይድ ጭንቅላቴን ይዘው ግንባሬን ሳሙኝ።

አመሻሽ፣ ሳን ሆዜ

ወደ ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬ መንገዱን ሙሉ ጨቀጨቅኳቸው፤ «መጀመሪያ ቤት» አሉ። እትዬ ዘሐራ በሩን ከፈቱ።

«ደህና ዋላችሁ?»

«አልሃምዱሊላህ» አልኩ፣ ልማድ አይለቅ!

ጋሽ ሰይድ ጫማቸውን ሳያወልቁ ቆሙ። «እኔ ደህና አይደለሁም ዘሐራ። ጆሮዬን በጣም አሞኛል። ማክሰኞ ኦፕሬሽን አለኝ፤ ፈርቼ ነው ያልነገርኩሽ። ከዛሬ በኋላም ባሕር አልገባም።»

የሚጮኹ መስሎኝ ወደ በሩ ፈቀቅ አልኩ። እትዬ ዘሐራ ግን ቀስ ብለው ካሜራውን ከእጃቸው ተቀበሏቸውና ጠረጴዛ ላይ አኖሩት።

«ሰላሳ ዓመት በየቀኑ እጠይቅሃለሁ» አሉ። «ዛሬ ገና መለስክልኝ።»

ከዚያ የመኪና ቁልፋቸውን ፈለጉ፤ ድንገተኛ ክፍል የወሰዷቸው እሳቸው ናቸው። ሐኪሙ ተቆጥቶ መድኃኒት ሰጣቸው፤ የማክሰኞው ቀጠሮ አልተለወጠም።

ኦክላንድ

ዕቃውን መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ በንጹህ ውሃ እየዘፈዘፍኩ ሳለ ታላቅ እህቴ ከኮምቦልቻ ደወለች። እዚያ ሊነጋ ነው፤ ሰግዳ ሁሌ ትደውልልኛለች። ሁለት ደቂቃ እናወራለን፣ ደህና፣ ደህና፣ ቻው።

«ከድርዬ፣ ደህና ነህ?»

አፌ ልማዱን ሊል ተከፈተ። ያቺ ሳትገጥም የቆመች የጋሽ ሰይድ እጅ ትዝ አለችኝ።

«በርዶኛል እታለም» አልኳት። «ዛሬ በጣም ደንግጬ ነበር። በጣምም ደስ ብሎኛል።»

እንደ ልማዷ ቻው የምትለኝ መሰለኝ።

«ቆይ» አለች፣ «ወንበር ላምጣና ንገረኝ።»