የባለቤቴ አንድ ያልተቀረጸ ትዕይንት

ባለቤቴ ቁጭ ብሎ ሻይ ሲጠጣ አይቼው አላውቅም። ቆሞ ነው የሚጠጣው፤ ያውም እየተንጎራደደ። ብርጭቆውን አንዴ መስኮቱ ላይ፣ አንዴ ማቀዝቀዣው ላይ ያስቀምጥና "ሻዬን ማን ወሰደው?" ብሎ እኔኑ ያፋጥጠኛል። ስንጋባ "ይተወዋል" ብዬ ነበር። ሞኝ ነበርኩ። ሰውየው ፊልም ሠሪ ነው። እኔ የምሠራው ፋርማሲ ውስጥ ነው፤ ለዚህ በሽታ መድኃኒት ቢኖር ኖሮ ከማንም ቀድሜ አገኝለት ነበር።

ሙያውን የጀመረው ኬብል በመጠቅለል ነው። የሰው ፊልም ሲቀረጽ ኬብል ይጠቀልላል፣ መብራት ይሸከማል፣ ተዋናይ ሲቀር ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። ጀርባው እስካሁን ሦስት ፊልሞች ላይ አለ፤ አማቴ ሦስቱንም ለጎረቤት እያሳዩ "ልጄ ነው" ይላሉ። ቀጥሎ ሠርግ መቅረጽ ጀመረ። እዚያም አርፎ አልተቀመጠም። ሙሽሮቹ ኬክ ሲቆርሱ እሱ ጥግ ላይ ብቻቸውን የተቀመጡ አንድ አጎት ፊት ላይ ካሜራውን ተክሎ አራት ደቂቃ ሙሉ ቀረጸ። የሙሽራዋ እናት ቪዲዮውን አይተው "ይሄ ሠርግ ነው ለቅሶ?" አሉት።

ከዚያ ለፕሮዲውሰሮች ድርሰት መጻፍ መጣ። አንዱ ገዛው። ፊልሙ ሲታይ ከባለቤቴ ጽሑፍ የተረፈው የውሻው ስም ብቻ ነበር። ያን ቀን ከሲኒማ ቤቱ እስከ ቤታችን በእግሩ ሄደ፤ እኔም በታኮ ጫማ ከኋላው ኩስ ኩስ አልኩ።

"ከእንግዲህ ራሴ እጽፋለሁ፣ ራሴ እቀርጻለሁ፣ ፕሮዲውሰሩም ራሴ ነኝ" አለ።

"ትወናውስ?" አልኩት ለቀልድ።

ቆም ብሎ አየኝ። አፌ ነው ጉድ ያደረገኝ።

እንዲህ ሆነና መሪ ተዋናይት ሆንኩ። ታሪኩ ከእናቷ ጋር ስለተጣላች ልጅ ነው። እናትየዋን አማቴ ይጫወታሉ፤ ቤቱም የሳቸው ነው። ድምፅ የሚቀዳልን የባለቤቴ አብሮ አደግ ነው። ባለቤቴን "አንዴ ብቻ" እያለ የሚጠራውም እሱ ነው፤ "አንዴ ብቻ እንድገመው" ሳይባል ያለፈ ነገር የለማ! እኔም በበኩሌ አማቴን "አንቺ" ማለት አቅቶኝ ስንቱን ቀን አቃጠልኩ። ልጅቷ እናቷ ላይ መጮህ ሲገባት፣ እኔ አንገቴን ሰብሬ "ለምን አይረዱኝም?" እላለሁ። ድምፅ ቀጂው በሳቅ ይፈርሳል፤ ባለቤቴ ፀጉሩን ይነጫል።

በእረፍት ቀናችን እየቀረጽን ሁለት ዓመት ሄደ። በመጨረሻ ሁሉም አልቆ አንድ ትዕይንት ቀረ፤ እናት ልጇን "ከቤቴ ውጪ!" ብላ የምታባርርበት። አማቴ ይሄን ማለት አልሆንላቸው አለ። መጀመሪያ የሞከርን ጊዜ "ውጪ!" አሉኝና፣ ሻንጣዬን ይዤ በሩ ላይ ስደርስ ተከትለውኝ መጥተው "ምሳ ሳትበዪ?" አሉ። ሁለተኛው ጊዜ ራሳቸውን አመማቸው። ሦስተኛው ጊዜ ዘመድ ጥየቃ ሄዱ።

ይሄኔ አረገዝኩ። ስነግረው አቀፈኝ፣ አለቀሰ፣ እንባውንም ሳይጠርግ "ስንት ወር ሲሆን ነው የሚታየው?" አለኝ። ፊልሙ ውስጥ ያለችው ልጅ አላረገዘችም እኮ!

ስቄ አለፍኩት፤ ግን ውስጤ አልሳቀም። ልጅ ሊመጣ ነው፤ አባቱ ደግሞ ዛሬም ነገም "ሊያልቅ ነው" ይላል። አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ቋሚ ሥራ ሲሰጠው እኔ ነኝ እንዲቀበል ያደረግኩት። ሥራው ቅዳሜና እሑድም ያስጠራል፤ ከገባ በኋላ ለራሱ የሚሆን ቀን የለውም። ስለዚህ ተስማማን። ሰኞ ይጀምራል። እስከ እሑድ የቀረችው ትዕይንት ከተቀረጸች ተቀረጸች፤ ካልሆነ ፊልሙ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፣ ዳግመኛም አይነሳም። ቃል ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሰባተኛ ወሬን ይዤ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ዕቃችንን ጭነን አማቴ ቤት ደረስን። ዘዴው ተዘጋጅቷል፤ ሆዴን ግማሹን በሩ፣ ግማሹን የልብስ ቅርጫት ይሸፍነዋል። በሩን ስንከፍተው ግን የቀለም ሽታ ተቀበለን። የሳሎኑ ግድግዳ ወተት መስሏል።

ይሄ ግድግዳ የጣሪያ ውሃ ያወረደበት ትልቅ ቡናማ እድፍ ነበረው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአማቴ ወንበር ጀርባ የታየው እሱ ነው፤ የምትቀረጸው ትዕይንት የምትገባው ደግሞ ፊልሙ መሐል ላይ ነው። እድፉ እየታየ ቆይቶ ድንገት ጠፍቶ እንደገና ብቅ ሊል ነው ማለት ነው።

"በገዛ እጄ ነው የቀባሁት" አሉ አማቴ ደረታቸውን ነፍተው። "ሰው ሁሉ ያየዋል አላችሁ። የቆሸሸ ግድግዳ ለአገር ላሳይ?"

ባለቤቴ ግንባሩን ግድግዳው ላይ ሊያስደግፍ ሲል ጮኹበት። "እንዳትነካ! አልደረቀም!"

"እማማ፣ ትንሽ ሻይ ብንደፋበትስ?" አለ ድምፅ ቀጂው።

"እስቲ ደፍተህ ታየኛለህ!"

ባለቤቴ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ አለ። ካሜራውን ከተቀባው ግድግዳ ወዲያ አዞረ፣ ወንበር ጎተተ፣ እኔን ከቅርጫቱ ጀርባ አቆመኝ። "እሺ እማ፣ 'ከቤቴ ውጪ' በያት።"

አማቴ ፊቴን አዩ፤ ቅርጫቱን አዩ፤ ከቅርጫቱ የተረፈውን ሆዴን አዩ። "እኔ ነፍሰ ጡር ከቤት አላስወጣም። በውሸትም ቢሆን አላስወጣም።"

"እማ፣ አንቺ እኮ አይደለሽም። ገጸ ባሕሪዋ ናት።"

"ፊቱ የማን ነው ታዲያ?"

ባለቤቴ ወጣና ግቢው ውስጥ እየተሽከረከረ ድንጋይ መምታት ጀመረ። ተከተልኩት።

"ይብቃህ በቃ! ለአንድ ግድግዳ ነው እንዲህ የምትሆነው?"

"ሰኞ ከገባሁ አልመለስም" አለ ድንጋዩን እያየ። "ራሴን አውቀዋለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ 'ድሮ ፊልም ልሠራ ነበር' እያልኩ አረጃለሁ።"

አንጀቴን በላው። ቃል ያስገባው የራሴ አፍ አስጠላኝ።

ወደ ቤት ተመለስኩና አማቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። "እማማ፣ ይቺ ልጅ ተጣልታዎት ሄዳ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ እንዲህ ሆና በርዎ ላይ ብትቆም ምን ይሏታል?"

"ምን እላታለሁ? ግቢ ነዋ!"

እየተጣደፍኩ በመስኮቱ ጠራሁት። "ልጅቷ ትመለስ! መጨረሻው ይሄ ይሁን!"

"ማባረሩስ?" አለ።

"ሻንጣ ይዛ መንገድ ላይ ስታለቅስ ቀርጸሃታል። ማን እንዳባረራት ለማወቅ የሚቸገር ሰው አለ? ለመጨረሻ ከሆነ ደግሞ ግድግዳውም ይቀባ፣ እኔም ላርግዝ!"

የሚመታውን ድንጋይ ተወው። ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እንደዚያ ቆሞ አይቼው አላውቅም። ከዚያ ሮጦ ገባ።

ቅርጫቱ ተነሳ። ሻንጣዬን ይዤ ውጭ ቆምኩና በሩን አንኳኳሁ። አማቴ ከፈቱ። ፊቴን አዩ፤ ሆዴን አዩ። የተጻፈላቸው ነገር አልነበረም።

"ግቢ" አሉ በመጨረሻ። "ግድግዳውን እንዳትደገፊ፣ ቀለሙ አልደረቀም።"

ሻንጣውንም ከእጄ ወሰዱት። ማንም ውሰዱ አላላቸውም። እኔ ትወናውን ረስቼ አለቀስኩ። ድምፅ ቀጂው ቀና ብሎ ጣሪያውን ያይ ነበር። ባለቤቴ አፉን ሊከፍት ሲል አማቴ ጣታቸውን ቀሰሩበት። "አንዴ ብያለሁ። ሁለተኛ አልልም።"

አልተደገመም። አለቀ።

ሰኞ ሸሚዝ ተኩሶ ሥራ ገባ፤ በሰዓቱም ተመለሰ። ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕ ማታ ሶፋው ላይ ተቀምጦ አንድ የማይረባ ፊልም በቴሌቪዥን እስከ መጨረሻው አየ። አልተሳደበም። "ይሄ ምን ዓይነት ድርሰት ነው?" አላለም። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ማስታወቂያ ሲመጣም ዓይኑን አላነሳም። እኔ የፈለግኩት ይሄንኑ ነበር፤ ደመወዝና ሰላም። አሁን ሁለቱም ቤቴ ገብተዋል። እኔ ግን ፈራሁ። ያገባሁት ሰው ይሄ አልነበረም።

"ልጅቷ ከእናቷ ቤት ወጥታ እስክትመለስ ድረስ የት ነበረች?" አልኩት።

"የትኛዋ ልጅ?"

"የፊልሙ።"

"ኧረ አልቋል እኮ እሱ።"

"እሺ፣ ቢያልቅስ? ያን ሁሉ ወር የት አደረች? የልጁስ አባት ማነው?"

ቴሌቪዥኑን አየ፤ ግን የሚያየው ቴሌቪዥኑን አልነበረም። ቀስ ብሎ አጠፋው፤ ተነሳ፤ ወደ በሩ ሄዶ ተመለሰ።

"እስክሪብቶ አለሽ?" አለኝ።

እጄ ውስጥ ነበር።