በቀይ የተጻፈችው ንግሥት

ሳህሌ ስድሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት ሲቀረው የዘንዶ ነገር ያዘው። ሰው በዚህ ዕድሜው ንስሐ አባቱን ይፈልጋል፤ እሱ ግን ቃሊቲ፣ በሚጠብቀው የሲሚንቶ መጋዘን በር ላይ፣ ወንበሩን ጥላ ጥላውን እያስከተለ «ዘንዶው ያላየው አገር» የተባለ ስድስት መቶ ገጽ ልብ ወለድ ያነባል። የጭነት መኪና ሾፌሮች በሩ እንዲከፈት ክላክስ ሲያደርጉ «ቆይ፣ ድልድዩን ይሻገሩ» ይላቸዋል። የትኛውን ድልድይ ብሎ የጠየቀ ሾፌር ግማሽ ሰዓት ቆሞ ታሪኩን ይሰማል።

መጽሐፉ የሙህሲን ነው። ሙህሲን ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ሱቅ ያለው የስልጤ ሰው ሲሆን መጽሐፉን ሦስት ጊዜ ጨርሶታል። ሁለቱ ሲገናኙ የሚጨቃጨቁት በንግሥቲቱ ነው። ንግሥቲቱ ዘንዶው ሕዝቧን እንዳይፈጅ እርግማኑን ሁሉ በራሷ ላይ የተቀበለች ናት።

«ሞኝ ናት፣ ጋሽ ሳህሌ። መሸሽ ትችል ነበር» ይላል ሙህሲን።

«አንተ ስታገባ ይገባሃል» ይላል ሳህሌ።

እውነቱን ለመናገር ሳህሌ ንግሥቲቱን ያውቃታል። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ አብራው የምትኖረው ሚስቱ አሰጋሽ ናት። አሰጋሽን ስኳር ከያዛት አሥራ አንድ ዓመት ሆኗል። ዓይኗ ፈዟል፣ እግሯ ደንዝዟል፣ ጥሟ አይቆርጥም፤ «ደከመኝ» ስትል ግን ሰምቷት አያውቅም። ልጅ አልወለዱም። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊኗን የሚወጋት እሱ ነው፤ መርፌ ማየት ስለማትወድ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ እሱ ይወጋና «አለቀ» ይላል። በሠላሳ ዓመት ትዳር ከዚህ የበለጠ የፍቅር ቃል አልተለዋወጡም።

ከዕለታት አንድ ቀን ሙህሲን ሱቁን ለወንድሙ ትቶ ወራቤ ሊገባ መሆኑን ነገረው። መጽሐፉም አብሮ ሊሄድ ነው፤ ገበያ ላይ ቢፈለግ ደግሞ የለም። «ፎቶ ኮፒ አስነሳው» ቢለው ሳህሌ ተቆጣ። ልጅ ሳለ የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር፤ ዲቁና ሳይደርስ ቢያቋርጥም የየኔታ ትምህርት ከእጁ አልወጣም። የተወደደ መጽሐፍ በእጅ ይገለበጣል። የአምላክ፣ የእመቤታችን፣ የመላእክት፣ የከበረ ስም ሁሉ በቀይ ይጻፋል። ስለዚህ ስድስት ደብተር፣ አንድ ጥቁርና አንድ ቀይ እስክሪብቶ ገዝቶ መገልበጥ ጀመረ። ሙህሲን «ደብተራው» የሚል ስም አወጣለት፣ የሰፈሩ ሰውም ተቀበለው። ሳህሌም ስሙን ወዶት ነበር፣ ምስኪን።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረው። የንግሥቲቱ ስም ግዌልድሪዝ ነው።

«ይሄ ስም ነው ወይስ የመኪና ዕቃ?» አለ።

እንዲህ ያለውን በቀይ መጻፍ እጁ እምቢ አለው። ሦስተኛው ገጽ ላይ በግዌልድሪዝ ፈንታ «አሰጋሽ» ብሎ ጻፈ። እንደ ልጅ ደስ አለው። ከዚያ ወዲያ ንግሥቲቱ በመጣች ቁጥር አሰጋሽ ናት። ሲጨርስ አስጠርዞ ሊሰጣት አስቦ ደብተሮቹን ቁም ሣጥኑ ላይ፣ ከሻንጣ ሥር ደበቃቸው። ምን ነበረበት ያን ጊዜ ቢነግራት!

የአሰጋሽ ታናሽ እህት እታገኝ ለበዓል ቤት ልታጸዳላት መጥታ ሻንጣውን አወረደች። አንዱን ደብተር ገለጠች፤ ጮክ ብላም አነበበች።

«አሰጋሽ ትተኛ። ዓይኗ ይፍዘዝ፣ እግሯ ይደንዝዝ፣ ጥሟ አይቁረጥ። ደሟ የዘንዶው ይሁን።»

ስሟ በቀይ ነው። ከሥሩ ማንም ሰምቶት የማያውቅ የነገሥታት ስም ተደርድሯል፤ እሱም በቀይ። አስማት ማለት በግዕዝ ስሞች ማለት ነው፤ ይህን ሳህሌ ያውቃል። እታገኝ የምታውቀው ግን ቤተ ክህነት ገብቶ ያቋረጠ ሰው ይደግማል፣ ይመትታል ሲባል ነው።

«ሰዉስ ደብተራው የሚለው በከንቱ ነው?» አለች።

አሰጋሽ አልጮኸችም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዓይኗን ጨፍና የተወጋችውን መርፌ አሰበች።

ሳህሌ ከሥራ ሲገባ ቤቱ ባዶ ነው፤ ኢንሱሊኑ ፍሪጅ ውስጥ እንዳለ ነው። ነገሩን ጎረቤት ነገረችው፤ ጠበል ሄደዋል። የትኛው ጠበል እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ቀን ፈጀበት፤ ሐኪሟ ደግሞ መርፌው ከተቋረጠ በቀናት ውስጥ ልትሞት እንደምትችል ደጋግሞ ነግሮታል። መድኃኒቱን በረዶ የተሞላ ፔርሙዝ ውስጥ ከተተ፣ ወራቤ ለመሄድ ዕቃውን ከሚያስረው ከሙህሲን መጽሐፉን ተቀበለና ገሰገሰ። መጽሐፉን ካየች ሁሉም ነገር ግልጽ ይሆንላታል ብሎ አመነ።

አሰጋሽ ሸራ ድንኳን ውስጥ ተጋድማለች። ከንፈሯ ደርቋል፣ ትንፋሿ ቶሎ ቶሎ ይላል። አጥማቂው ሽማግሌ ካህን በር ላይ ተቀበሉት።

«ከጠበሉ ጋር መድኃኒትሽን ውሰጂ ብያት ነበር ልጄ። እሺ ትላለች፣ አትወስድም።»

ሳህሌ ከአጠገቧ ተንበርክኮ መጽሐፉን ገለጠ። «ተረት ነው፣ አሱዬ። የታተመ ተረት ነው። እኔ የገለበጥኩት ብቻ ነው።»

እታገኝ መጽሐፉን ተቀበለችው። ይዛው የመጣችውን ደብተር አጠገቡ ዘርግታ መስመር በመስመር በጣቷ አመሳከረች። እርግማኑ አለ፤ ዓይኑም፣ እግሩም፣ ጥሙም አለ። ሳህሌ እፎይ አለ። እታገኝ ግን ቀና ስትል ፊቷ ገርጥቷል።

«እዚህ ላይ ስምሽ የለም» አለች እህቷን። «ሌላ ስም ነው ያለው።»

አሰጋሽ ዓይኗን ገለጠች። «ታዲያ እኔን ማን አስገባኝ?»

ስድስት መቶ ገጽ የወደደ ሰው አንድ ዐረፍተ ነገር አጣ። ንግሥቲቱ አንቺን መሰለችኝ ሊል ፈለገ፤ ግን ንግሥቲቱ የተረገመች ናት።

«ስለምወድሽ ነው» አለ በመጨረሻ።

አሰጋሽ ፊቷን ወደ ሸራው አዞረች። «ሠላሳ ዓመት ያላልከውን ዛሬ ማን አስባለህ?» አለችና እጇን ከእጁ አስለቀቀች።

ካህኑ ለመኗት። ሳህሌ አለቀሰ። እሷ መርፌውን ባየች ቁጥር ትጮሃለች፣ እታገኝም መሀል ገብታ ትከላከላለች። በማግሥቱ ራሷን ስትስት ተሸክመው መኪና ውስጥ አስገቧት፤ ሐኪም ቤት ሳይደርሱ አረፈች።

በቀብሩ ዕለት ዘመዶቿ ሳህሌን ከሬሳው አጠገብ እንዳይደርስ ከለከሉት። እሱም ከለቀስተኛው ርቆ ብቻውን ቆመ። አንድ የዕድሩ ሽማግሌ ወደ እሱ መጥተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እስቲ እውነቱን ንገረኝ፤ ምን ጻፍክባት?»

«ስሟን ነው» አለ ሳህሌ። «ስሟን ብቻ።»

ሽማግሌው አማተቡና ወደ ሰዎቹ ተመለሱ፤ አመነ ብለው ነገሯቸው።