ከዲሳ የተኛችበት ቦታ

ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ በኖርኩባቸው ዓመታት የቀመስኳቸውን ጠላዎችና ቢራዎች የምመዘግብበት አንድ ደብተር ነበረኝ። ዛሬ የለም። ለምን እንደሌለ ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ። ለጊዜው አንባቢ ይወቅልኝ የምለው፣ እዚህ ላይ ስለ መጠጥ የምጽፈው ሁሉ ከትዝታ የወጣ መሆኑን ነው። ሙያዬ ዘጋቢነት ስለሆነ በትዝታ ብቻ መጻፍ አይመቸኝም።

ጊዜው ሞባይል ስልክ ከተማው ውስጥ ገና መታየት የጀመረበት ነው። ስለ ሰሊጥና ማሽላ ገበያ፣ ለአጨዳ ከጎንደር ቆላ ስለሚወርዱ የቀን ሠራተኞች እየጻፍኩ ለአንድ ጋዜጣ እልክ ነበር። የምኖረው አንዲት የጭልጋ ሴት ግቢ ውስጥ፣ ከጭቃ በተሠራች አንዲት ክፍል ነው። ሴትዮዋ በረሃቡ ዘመን በእግሯ ተሻግራ፣ ባሏን መጠለያ ጣቢያ ቀብራ፣ አንዲት ልጇን አሳድጋ መፋዛ የምትባል ከተማ ድራ፣ ብቻዋን ገዳሪፍ የቀረች ናት። እትየ እላታለሁ።

እትየ የምትተዳደረው ጠላ እየጠመቀች ነው። እዚያ አገር መጠጥ በሕግ ክልክል ስለሆነ ጠላ ያሳስራል፣ ያስገርፋልም። ከሻ የሚሉት ነገር አለ፤ ፖሊስ ሳይታሰብ ሰፈሩን ከብቦ ቤት ለቤት ይፈትሻል። እኔ ከመምጣቴ በፊት በአንዱ ከሻ ተይዛ ታስራ ነበር። ሲለቋት «ሁለተኛ ብትያዥ ሎሪ ላይ ጭነን በገላባት ድንበር ወደ አገርሽ እናሻግርሻለን» ብለዋታል። ያን ዓመት ደግሞ መፋዛ ያለችው ልጇ የመጀመሪያዋን አርግዛለች፤ የምትወልደው በጥር ነው። የባሏ እናት ሞታለች፣ እህትም የላትም።

«ልጄን ከኔ ሌላ ማን ያርሳታል?» ትል ነበር እትየ፤ በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

«ታዲያ እስከዚያ ጠላውን ለምን አትተይውም?» አልኳት አንድ ቀን።

«ትቼ ሻይ ልሽጥ? ሻይ ሻጮቹንስ መቼ አስቀመጧቸው! ላራስ ባዶ እጄን ልሂድ?»

ጋኑ የተቀበረው ግቢው መሀል ነው። የገዳሪፍ ጥቁር አፈር በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የተቆፈረና የተመለሰ ቦታ ግን እንደ ሌላው ስለማይሰነጠቅ ለሚያውቅ ሰው ይለያል። ስለዚህ እትየ የጋኑን አፍ በክዳን ከድና፣ በስስ አፈር ሸፍና፣ በላዩ ዓንግሬቡን፣ የገመድ አልጋውን፣ ታቆምበታለች። የእኔ መቀመጫ እሱ ነው። ከሥሬ ጠላ እየፈላ ስለ ማሽላ ገበያ እጽፍ ነበር።

ጋኗን የምታጥነው በወይራ ሳይሆን በጣልህ እንጨት ነው። ባለትዳር የሱዳን ሴቶች ገላቸውን የሚታጠኑት በዚሁ እንጨት ስለሆነ ጭሱ ማንንም አያጠራጥርም። ጎረቤቶቻችን እንዲያውም «ሐበሻዋ በዚህ ዕድሜዋ ለማን ነው የምትታጠነው?» እያሉ ይስቁባት ነበር። እሷም «ለዚህ ለጸሐፊው ነው» ትላለች እኔን እያሳየች፤ ሳቁ ይደምቃል፣ ከሳቁ በኋላ ግን በሩን ሁለት ጊዜ ትቀረቅራለች።

ጣልህ ጠላውን ይለውጠዋል። በእሱ የታጠነ የማሽላ ጠላ ስትጠጡ የጭሱ ምሬት ከጌሾው ቀድሞ ምላስ ላይ ይደርሳል። በወይራ ሲሆን ጌሾው ነው የሚቀድመው። ዳጉሳ የሚገኘው ከደንቢያ የመጣ ሠራተኛ በጨርቅ ቋጥሮ ሲያመጣ ብቻ ነበር። እሱ ጠቆር ያለ፣ ጉሮሮ ላይ የሚለዝብ ጠላ ይወጣዋል። ኮረፌ በእኔ ጊዜ የጠመቀችው ሁለቴ ነው፤ ገብሱ አሮጌ ስለነበር ሁለቱም አልሰመሩም፣ እሷ ግን አላመነችም። መሪሳ የሚሉትን የሱዳን ጠላ ከሰፈሩ ከአንዲት ሱዳናዊት ቀምሻለሁ፤ ወፍራምና ኮምጣጣ ነው፣ ከመጠጥ ይልቅ ወደ ምግብ ይጠጋል። ይህን ሁሉ ከነቀኑ እጽፍ ነበር፤ ስንት ቀን እንደፈላ፣ መልኩን፣ አረፋው እስከ መቼ እንደቆየ።

«ለመጠጣት ነው ወይስ ለመመስከር?» ትለኛለች እትየ ጣሳውን እያቀበለችኝ።

የጠርሙስ ቢራ ሲያምረኝ በገላባት በእግር ተሻግሬ መተማ እገባ ነበር። እዚያ ቀዝቃዛ ጠርሙሶች ተራ በተራ አስቀርቤ አንዱን ካንዱ አነጻጽራለሁ። ነገር ግን ክልክል ባልሆነበት ቤት ተቀምጬ እንኳ በር በተከፈተ ቁጥር ጠርሙሱን ወደ ወንበሩ እግር አወርዳለሁ። አስተናጋጇ አንድ ቀን «ጋሼ፣ እዚህ ማንም አይገርፍዎትም» አለችኝ። ጠርሙሱን መልሼ ጠረጴዛው ላይ አደረግሁት። ከዚያ በኋላ የጠጣሁት ግን አልጣመኝም።

ድመቷን ያመጣኋት እኔ ነኝ። አይጥ የእትየን ብቅል አላስቀምጥ ስላላት ከአንድ እህል ነጋዴ መጋዘን ለምኜ ወሰድኳት። ግራጫ ናት፤ የቀኝ ጆሮዋ ጫፍ ተቀዷል። ስም አላወጣንላትም፤ የሱዳን ሰዎች ድመትን እንደሚጠሩት ከዲሳ እንላታለን። ጌሾ ሲሸታት እያስነጠሳት ከግቢ ትወጣለች፤ የደረቀ ዓሣ ሲሸታት ደግሞ ከየትም ትመጣለች። የምታድረው እኔ እግር ሥር ነበር። አይጡ በሁለት ሳምንት ውስጥ አለቀ።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የጀመረውም ከደብተሬ ነው። ታኅሣሥ ሲገባ ጠዋት ጠዋት መቀዝቀዝ ጀመረ። መዝገቤን ሳየው ጥንስሱ ከኅዳሩ ይልቅ ብዙ ቀን እየፈጀ ነው። ይህንን ለእትየ ነገርኳት። ደጋ አገር ጋን ሲቀዘቅዝ እንደሚያለብሱትም አስታወስኳት።

«እዚያ ብርድ አለ። እዚህ ምን ብርድ አለ?» አለች።

ደብተሩን ገልጬ ቀኖቹን ቆጠርኩላት። መቼም የተጻፈ ነገር ያሸንፋል። የጋኑን ዙሪያ ቆፍረን ትኩስ አመድ አደረግንበት፤ በላዩ የሰሊጥ ገለባ አልብሰን በስስ አፈር ሸፈንነው። አመዱም በየሁለት ቀኑ ይታደስለት ነበር። ጠላው ቶሎ ደረሰ። ደስ ብሎኝ ይህንንም ጻፍኩት።

በሳምንቱ ከዲሳ የእኔን እግር ትታ ዓንግሬቡ ሥር መተኛት ጀመረች። አልጋው ላይ አይደለም፤ ከሥሩ፣ መሬት ላይ ነው። ልክ የጋኑን አፍ ያህል ክብ ሆና ትጠቀለላለች። መጀመሪያ አላስተዋልኩትም። ያስተዋለችው እትየ ናት፤ ጣሳ እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«አየኻት? ምልክት ሆና ተኛችብኝ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ድመት ሙቀት እንደምትወድ የማያውቅ የለም፤ ፖሊስም ያውቃል። ባዶ አልጋ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሳለ ድመት ጥላ ያለበት አፈር ላይ የምትተኛበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው። ያላደረግነው አልነበረም። የዓሣ ራስ ወደ ማድ ቤት በር አስቀመጥን፤ በልታ ተመለሰች። ጌሾ በተንንበት፤ አስነጥሷት ሄደች፣ ሲሸተን ለሌላውም እንደሚሸት ገባንና እኛው ጠረግነው። በገመድ ክፍሌ ውስጥ አሰርኳት፤ ጩኸቷ ጎረቤቷን አጥር ድረስ አመጣት፤ «ከዲሳዋን ምን እያደረጋችኋት ነው?» ስትል ፈታኋት። ተፈትታ ወዴት እንደሄደች መናገር አያስፈልግም።

«አመዱን እናውጣው» አልኩ።

«በግማሽ የፈላ ጋን አይነካም፤ ይበላሻል። ይህ የመጨረሻዬ ነው። ይድረስልኝና ለአራሷ የሚሆነውን ይዤ መፋዛ እሄዳለሁ።»

ማክሰኞ ጠዋት ከሻ ሆነ። በሩ የተመታው ዓንግሬቡ ላይ ተቀምጬ ያንኑ የመጠጥ ደብተር ሳገላብጥ ነበር። ሦስት ፖሊሶች ገቡ። ሁለቱ ወጣቶች ናቸው፤ አንዱ በረጅም ብረት መሬቱን እየወጋ ይሄዳል። ሦስተኛው ጢሙ የሸበተ ሰው ነው። እትየ ነጠላዋን እያስተካከለች «ጀናቡ፣ ግቡ፣ እንደ ቤታችሁ» አለች በአረብኛ። ድምፅዋ ደህና ነበር። እጇን ግን ነጠላው ውስጥ ደብቃዋለች።

ወጣቱ ብረቱን ይዞ ወደ ዓንግሬቡ መጣ። ጎንበስ ብሎ «ሂጂ!» ሲል ከዲሳ አንድ ዓይኗን ከፍታ መልሳ ጨፈነች።

«ተዋት» አለው ሽማግሌው። «የተኛች ድመት አትቀስቅስ፤ አያትህ ይህን አልነገረችህም?»

ወጣቱ ሳቀና ወደ ማድ ቤቱ ሄደ። ሽማግሌው ከአልጋው አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«ምን ትጽፋለህ፣ ኡስታዝ?»

«የገበያ ዋጋ» አልኩ።

እጁን ከአልጋው ሥር ሰድዶ ድመቷን ደባበሳት። ከሆዷ በታች እጁን ትንሽ አቆየው።

«ታማለች? ሆዷ እንደ እሳት ነው።»

«አልታመመችም» አልኩ።

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ጉልበቱን ይዞ ተነሣ፤ ወጣቶቹን ጠራ፤ ወጡ።

እትየ በሩን ዘግታ እስክትመለስ ድረስ የሆነውን ሳሰላስል ነበር። በአንድ ደቂቃ ውስጥ አንድ ውሸትና አንድ እውነት ተናግሬያለሁ። ውሸቱ እኔን አዳነኝ። እውነቱ እሷን አሳልፎ ሰጣት። ያላት አንድ መውጫ ነበር፤ እሱን ሰውዬው ራሱ ጠይቆ አቅርቦልኝ ነበር።

«ምን ነበር ድመቷ አንድ ቀን ብትታመም!» አለች እትየ። «ዕድሜህን ሙሉ እውነት ስትለቅም ኖረህ፣ የተረፈህን በኔ ላይ ደፋኸው?»

«አውቋል ብለሽ ነው?»

«እጁን አላየኸውም? እንጀራ ደርሶ እንደሆነ የምትነካ ሴት መሰለ።»

ወዲያው ጀመርን። ግቢ ውስጥ ቢደፋ ሽታው ያጋልጣል። ስለዚህ በባልዲ እየቀዳን ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ከተትነው፤ በየባልዲው ላይ አመድ እንነሰንስበታለን። ከእያንዳንዱ ባልዲ በፊት እኔ በአጥሩ ቀዳዳ መንገዱን አያለሁ። ሪክሻ የሚሉት ባጃጅ በቆመ ቁጥር እንቆማለን። መሀል ላይ ደብተሩን አምጥቼ ከጣልሁ ፍም ላይ አደረግሁት። እትየ አይታ ባልዲዋን አነሣች። ሽፋኑ ወፍራም ስለነበር ቶሎ አልያዘም፤ በእንጨት እየገፋሁ ቅጠል በቅጠል አቃጠልኩት።

የመጨረሻው ባልዲ ሲቀር አንድ ጣሳ ቀድታ ሰጠችኝ።

«ጠጣ። አሁን ደብተር የለህም፤ አፍህ ይያዘው።»

ገና ጉሽ ነበር። ጣፋጭነቱ አልለቀቀውም፤ ጭሱ ቀደመ፣ ጌሾው ዘግይቶ ደረሰ። ጨረስኩት። ከዚያ እትየ ጋኑን አውጥታ በዘነዘና ሰበረችው። ከጭልጋ ድረስ በሰው ትከሻ የመጣ ጋን ነበር። ዘነዘናውን ሁለት ጊዜ አነሣች፤ መጀመሪያ አቅቷት መልሳ አስቀመጠችው። ስባሪውንም ጠላው ወደ ገባበት ከተትነው። ጋኑ የወጣበትን ጉድጓድ በአመዱና በገለባው ሞልተን አፈር መለስንበት፤ ዓንግሬቡን በቦታው አቆምን። ረቡዕ ንጋት ላይ አንድ የልብስ ቋጠሮ ይዛ መፋዛ የሚሄድ መኪና ተሳፈረች። ላራሷ ግን የያዘችው ነገር የለም፤ ባዶ እጇን ነበረች።

ሐሙስ መጡ። በዚህ ጊዜ አካፋ ይዘዋል፤ አለቃም አብሯቸው አለ። ከዲሳ እዚያው ቦታ ላይ ነበረች፤ አመዱ ገና ሙቀቱን አልጨረሰም። ሽማግሌው ማንንም ሳይጠይቅ ወደ ዓንግሬቡ ሄደ። በሁለት እጁ ድመቷን አንሥቶ፣ ሳያስጮኻት፣ አልጋው ላይ አስቀመጣት። ከዚያ «እዚህ» አለ።

ቆፈሩ። አመድ፣ ገለባ፣ እርጥብ አፈር። አለቃው አፈሩን አንሥቶ አሸተተ፤ ወረወረው። ሽማግሌውን ገላመጠው፤ ሽማግሌው ጉድጓዱን ነው የሚያየው።

«ሐጃዋ የት ሄደች?» አለኝ ሽማግሌው፤ እዚያ ዕድሜዋ የገፋን ሴት ሁሉ ሐጃ ይሏታል።

«መፋዛ። ልጇ ልትወልድ ነው።»

«መቼ ሄደች?»

«ትናንት።»

«አላህ ያቅልልላት» አለና አካፋውን ተሸክሞ ከሌሎቹ ኋላ ወጣ።

ማክሰኞ አውቆ ሁለት ቀን ሰጥቶን ይሁን፣ ወይስ ቤቱ ሄዶ እጁ የነካውን ሲያስብ ሐሙስ ደርሶበት ይሁን፣ እስካሁን አላውቅም። በሙያዬ እንዲህ ያለውን ነገር ጠይቄ አረጋግጣለሁ። ይህን ግን አልጠየቅኩም፤ ገበያ ውስጥ ሁለት ጊዜ አይቼው መንገድ ቀይሬያለሁ።

ጥር አጋማሽ ላይ ግቢው ውስጥ ተቀምጬ ሳለ እትየ ከመፋዛ በአንድ ባለሱቅ ስልክ ወደ ሞባይሌ ደወለች። መስመሩ ይቆራረጣል። ሴት ልጅ ተወለደች፣ እናቲቱ ደህና ናት፣ እትየ ገንፎ እያገነፋች ነው። እንኳን ማርያም ማረቻት አልኩ።

«ከዲሳ የት ነው የምትተኛው?» አለች።

ዞር ብዬ አየሁ። ፖሊሶቹ የቆፈሩትን ጉድጓድ አልደፈንኩትም ነበር። ከዲሳ ግን ዓንግሬቡ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተዘርግታለች።

«አልጋው ላይ» አልኳት።

«አልጋው ላይ?»

«አዎ፣ ፀሐይ ላይ። እውነቴን ነው።»

ከጀርባዋ ሕፃኗ ስታለቅስ ይሰማኛል።

«በል እንግዲህ» አለች በመጨረሻ፣ «አሁን መጥተው ይዩዋት።»