የመርዕድ መኪና ነጭ መብራት

ባሌ መርዕድ በወጣትነቱ ከአሰብ ጭነት ያመላለሰ ሹፌር ነው። ካምፓላ ከገባን ወዲህ ደግሞ በአሮጌ ቶዮታው ኦልድ ካምፓላ በሚባለው ሰፈር፣ ከትልቁ መስጊድ በታች ቆሞ ሰው ይጭናል። ደንበኞቹ አብዛኞቹ የእኛው ሰዎች ናቸው፤ የአየር መንገድና የድርጅት ሠራተኞች። ኢንቴቤ፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ የሚሄድ ሁሉ «መርዕድን ጥሩልኝ» ይላል። አይቸኩልም፣ አይናደድም። ከኋላው ያለው ጥሩምባውን ሲያንባርቅበት መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «እለፍ ወንድሜ፣ መንገዱ የአባቴ አይደለም» ይላል፣ በአማርኛ። የሚሰማው የለም፤ ግን ይላል።

እኔ ሜንጎ በሚባለው ሰፈር የሰው ቤት እሠራለሁ። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም። የቤት ኪራዩም የምንበላውም የሚመጣው ከእሱ መሪ ነው። ስለዚህ ዓይኑን ማሸት ሲጀምር ፈራሁ፤ ሐኪም ቤትም አብሬው ሄድኩ። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ብዙ ተናገረ። ትምህርት ያቋረጥኩት ገና ልጅ ሳለሁ ነው፤ ከንግግሩ ምንም አልያዝኩም። ስንወጣ «ምን አለ?» አልኩት።

«ዕድሜ ነው አለ። መነጽር አድርግ።»

መነጽሩን ገዛ። ከዚያ በኋላ ግን ኢንቴቤ መንገድ ላይ ነዳጅ አለቀበትና መንገደኛዋን በቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ ላካት። ሌላ ቀን ደግሞ የአንዱን ቦዳ መስታወት ገጭቶ ሰባበረ። ባለቦዳው «ሽማግሌው፣ ዓይንህን ቤት ረሳኸው?» ብሎ መንገደኛውን ሁሉ አሳቀበት። የዚያን ዕለት ራት ላይ፣

«ጥፋቱ የዳሽቦርዱ መብራት ነው» አለኝ።

«እንዴት?»

«ብርቱካናማ ነው። ሲመሽ ቁጥሩም ጠቋሚውም ይዋኝብኛል። ነጭ ባስደርገው ይለቀኛል።»

አመንኩት። ነጩ መብራት ካልረዳው መሪውን መልቀቅ አለበት፤ መሪውን ከለቀቀ ደግሞ ምን በልተን እንደምናድር አላውቅም።

ቅዳሜ ወደ ረድዋን ሄድን። ረድዋን ከናኪቩቦ ስታዲየም ጀርባ ባለ ጋራዥ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ የደሴ ልጅ ነው፤ አፉ አያርፍም።

«ጋሼ መርዕድ፣ ሰማያዊ ላድርግልዎት? የዚህ አገር ጎረምሳ ሁሉ ሰማያዊ ነው የሚያስገባው።»

«ጭፈራ ቤት ልከፍት መሰለህ? ነጭ አድርገው።»

«ነጭ እኮ ሐኪም ቤት ይመስላል!»

«በእጅህ ሥራ እንጂ በምላስህ አትሥራ።» መርዕድ ይህን ብሎ ሻይ ሊጠጣ ሄደ። ማታ ሔሊና የምትባል የአየር መንገድ ሠራተኛ ከነሕፃኗ ኢንቴቤ እንዲያደርሳት ቀጥራዋለች፤ ከዚያ በፊት ሥራው እንዲያልቅ ፈልጓል።

ረድዋን ዳሽቦርዱን ፈታ። የቁጥሩን ሰሌዳ ለማውጣት መጀመሪያ ጠቋሚዎቹን መንቀል አለበት። የነበሩበትን በእርሳስ ምልክት አድርጎ፣ የፍጥነቱን፣ የነዳጁንና የሙቀቱን አንድ በአንድ በማንኪያ ነቀለ።

«እትዬ አክበረት፣ እነዚህን ይያዙልኝ። ከጠፉ ሌላ የለኝም።»

መዳፌ ላይ አኖራቸው። ከክብሪት እንጨት የቀለሉ ናቸው። ከሰሌዳው ጀርባ የተለጠፈውን ብርቱካናማ ላስቲክ ፋቀ፣ ነጭ አምፖሎች ገጠመ፤ ከዚያም መብራቱ እኩል መበተኑን ለማየት ሰሌዳውን ጠቋሚዎቹን ሳይመልስ ቦታው ላይ አስቀመጠው። ቀትር ስለሆነ ብርሃኑ አይታይም። እንዲጨልምለት በመስታወቶቹ ላይ ትልቅ ጥቁር ብርድ ልብስ ጣለ። መርዕድ ከሻዩ ተመልሶ መሪው ፊት ተቀመጠ፤ እኔ ከጎኑ፣ ረድዋን ከኋላ። ብርድ ልብሱ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።

«ያብሩት ጋሼ።»

መርዕድ ቁልፉን አዞረ። ነጩ ብርሃን ፊቱ ላይ አረፈ። እንዲህ ደስ ብሎት ካየሁት ቆይቷል።

«ይኼ ነው መብራት!»

«ቁጥሩ ይታያል?»

«መታየት ብቻ! ይኸውልህ ነዳጁ፣ ጠቋሚዋ ግማሹ ላይ ቁጭ ብላለች።»

ረድዋን ሳቁን ለቀቀው። «ጋሼ ደግሞ ቀልድ ይችላሉ!»

መርዕድ አልሳቀም። «ምን ያስቅሃል?»

የረድዋን ሳቅ ተቆረጠ። ዞሮ እኔን አየኝ። እጄን ከፈትኩ፤ ሦስቱም ጠቋሚዎች እዚያው ነበሩ። ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥርና ነጭ ብርሃን ብቻ ነው።

«አይ... ምንም ጋሼ» አለ ረድዋን ቶሎ ብሎ። «ልክ ነዎት፣ ግማሽ ነው።»

ዝም ብል ያልፍ ነበር። ረድዋን ጠቋሚዎቹን ይገጥማል፤ መርዕድም ማታ ሔሊናን ከነሕፃኗ ጭኖ ይወጣል። እጁን ከመሪው ላይ አነሳሁና ጠቋሚዎቹን መዳፉ ላይ አደረግኳቸው።

«ምንድን ነው?»

«ጠቋሚዎቹ ናቸው፤ የነዳጁ አለበት። የፍጥነቱም አለበት።»

በአውራ ጣቱ አንድ በአንድ ዳሰሳቸው። ረጅሟ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ረድዋን፣ እስቲ ትንሽ ውጣልን።»

ረድዋን ወጣ። ከብርድ ልብሱ ውጭ መዶሻ ይመታል፣ ሰው ይጮሃል።

«ሐኪሙ መነጽር ብቻ አላለም» አለኝ።

«ምን አለ?»

«ከዓይንህ ጀርባ ያለው ጅማት እየሞተ ነው፤ የሞተው አይመለስም፤ መንዳት ተው አለኝ።» ወደ ነጩ ብርሃን ዞረ። «መብራቱን አየዋለሁ አክበረት። መብራቱ ውስጥ ያለውን ነው የማላየው።»

«ታዲያ ይኼ ሁሉ ለምን?»

«ነጭ ከሆነ ምናልባት ብዬ።»

ልቆጣው ፈለግኩ፤ ጉልበት አጣሁ። እኔም የመጣሁት ምናልባት ብዬ ነው።

ስልኩን ሰጠኝና ለሔሊና ደወልኩለት። «የኔ ልጅ፣ ለዛሬ ሌላ ሹፌር ፈልጊ» አላት።

«ምነው ጋሼ፣ መኪናው ተበላሸ?»

«መኪናው ደህና ነው።»

ረድዋን ተመልሶ ጠቋሚዎቹን በየቦታቸው ገጠመ፤ ዳሽቦርዱንም አሰረ። ከጋራዡ ስንወጣ ሰማዩ ለዝናብ ጠቁሯል። መርዕድ ቁልፉን ለረድዋን ሰጠና ዞሮ በእኔ ቦታ ተቀመጠ። በራሱ መኪና እዚያ ተቀምጦ አያውቅም፤ ቀበቶውን በማያገኝበት በኩል ሲፈልግ ከኋላ እጄን ዘርግቼ አቀበልኩት። የሜንጎን ዳገት ስንጀምር ረድዋን መብራት አበራ።

«ያምራል?» አለ መርዕድ።

«ያምራል።»

«ነዳጁስ ስንት ላይ ነው?»

በወንበሮቹ መካከል ጎንበስ ብዬ አየሁ። መዳፌ ላይ የነበረችው ትንሿ ጠቋሚ ቦታዋ ላይ ቆማለች።

«ግማሽ ነው።»

«አላልኩም?» አለ። ጠዋት ነዳጁን እስከ ግማሽ የቀዳው እሱ ነው።

ዝናቡ መስታወቱን መምታት ጀመረ። መርዕድ እንደ ልማዱ መጥረጊያውን ሊያስነሳ እጁን ዘረጋ፤ እሱ በተቀመጠበት በኩል ግን ማስነሻ የለም።