ሰባቱ ጠማማ ስፌቶች

ጽፌ ላስቀምጠው የምፈልገው በደል ይኸው፦ በገዛ እጄ የሰፋሁትን የመኪና ወንበር፣ ሰዎች ፊቴ ቆመው ለማያውቁት ጣሊያናዊ ሰጡብኝ። የመኪናዋ ባለቤት እያወቀ አጸደቀላቸው።

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። የመኪና ወንበር ማልበስ የተማርኩት አዲስ አበባ፣ ጣሊያኖች ካሠለጠኗቸው አንድ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌው ሁለት ሕግ ነበራቸው። «የቀደመሽን ሰው እጅ አታርሚ። አሮጌውን ልብስ ለባለቤቱ መልሺ።» ጁባ መጥቼ ሃይ ማላካል ሰፈር ከተቀመጥኩ ወዲህ ሥራዬ አብዛኛው ቦዳቦዳ የሚሉት የታክሲ ሞተር ብስክሌት መቀመጫና የሚኒባስ ወንበር ቢሆንም፣ ከሁለቱ ሕጎች ወጥቼ አላውቅም።

መኪናዋ በናይሮቢ በኩል በከባድ መኪና ተጭና ነው የገባችው። የገዛት ያገሬ ልጅ ነው፤ ኒምራ ታላታ ሰፈር መጋዘን ያለው ጅምላ ነጋዴ። ቀይ፣ ባለሁለት ወንበር፣ ከልጆቼ ሁሉ በዕድሜ የምትበልጥ የጣሊያን መኪና። እውነቱን ለመናገር ወደድኳት። ከፊት መብራቷ ተነስቶ እስከ ጅራቷ የሚሄደው መስመር የትም ቦታ አይሰበርም፤ የሣላት ሰው እርሳሱን ከወረቀቱ ያነሳ አይመስልም። ሞተሯ ሲነሳ ጆሮዬ ከመስማቱ በፊት ደረቴ ይሰማዋል። የወንበሯ ቆዳ ግን እንደ ደረቀ ቅጠል ይረግፍ ነበር።

ቀስ ብዬ ተረተርኩት። በሹፌሩ ወንበር ትከሻ ላይ ሰባት ስፌቶች ወደ ታች ጠመው አገኘሁ። የሰፋው ሰው ርቦት ይሁን ከሚስቱ ተጣልቶ፣ እጁ ከድቶታል። ላቃናቸው እችል ነበር፤ እጄንም በላኝ። የሽማግሌው ሕግ ያዘኝና አዲሱን ቆዳ በዚያው ልክ በወስፌ በሳሁ፤ ሰባቱንም አጣምሜ ሰፋሁ። አሮጌውን ቆዳ ጠቅልዬ ለነጋዴው አስረከብኩ። ዋጋዬን ሳያጓድል ሰጥቶኛል፤ በዚያ አልከሰውም።

እሑድ ከሰዓት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ረጃፍ የሚባል ቦታ፣ ወንዙ ዳር ማንጎ ሥር የሚሰበሰቡ የአሮጌ መኪና ወዳጆች አሉ። አንዱ ኮፈን ከፍቶ ያሸታል፤ ሌላው ለነጭ ሸሚዙ ሳይሳሳ መሬት ተኝቶ ማርሚታ ያያል። ስለ ካርቡራተር ሲከራከሩ ርስት የሚካፈሉ ይመስላሉ። የሁሉም አውራ ጡረታ የወጣ የአውሮፕላን መካኒክ ነው፤ ልጅነቱን ኢትዮጵያ በስደት ስላሳለፈ አማርኛው ከኔ ይጠራል። ነጋዴው መኪናዋን ይዞላቸው ሲሄድ፣ እኔም ሥራዬን ሰው ሲያየው ለማየት ብዬ ከቸርች በቀጥታ ሄድኩ።

መካኒኩ ጣቱን በሰባቱ ስፌቶች ላይ አሳለፈ። «እዩ! ማሽን እንዲህ አይሳሳትም። ይሄ ያንድ ጣሊያናዊ ሽማግሌ እጅ ነው።»

ሁሉም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በየተራ ነኩት። ነጋዴውን አየሁት። ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ «አዎ፣ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው» አለ። ወዲያው የኋላውን ዕቃ መጫኛ ሲከፍትላቸው፣ ያ የመለስኩለት ቆዳ ክሪክ ተጠቅልሎበት አየሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እግሬ አላርፍ አለኝ። ወስፌ አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ። በር ድረስ ሄጄ ምን ፈልጌ እንደወጣሁ ይጠፋኛል። ሰኞ ቦዳቦዳ ይዤ ኒምራ ታላታ ሄድኩ።

«ወንበሩን ማን ሰፋው?» አልኩት።

«እማማ፣ ይቀመጡ እንጂ። ሶዳ ይምጣልዎ?»

«ሶዳ አልጠየቅሁህም።»

ለካ መኪናዋን ናይሮቢ ለሚደረግ ትዕይንት፣ ምንም ባልተነኩ መኪኖች ምድብ አስመዝግቧታል። «ተነክታለች ከተባለ ዞር ብሎ የሚያያት የለም» አለኝ። «ደግሞ እጅዎ ከጣሊያን እጅ ጋር ተምታታባቸው እኮ! ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና አለ?»

«ጣሊያኑን አመሰገንክ። እኔን የት ጣልከኝ?»

ረቡዕ ሄድኩ። የለም አሉኝ፤ ጫማው በር ላይ ነበር። ዓርብ ሄድኩ። ሶላት ላይ ነው ተባልኩ፤ ቆሜ ጠበቅሁ፤ በጓሮ ወጥቶ ሄደ። የልጅ ልጄ «አያቴ፣ አሁን ይሄ ቢነገር ምን ይሠራልሻል?» አለችኝ። ምን እንደሚሠራልኝ አላውቅም። ሳይነገር ሲቀር ግን ቁጭ ብዬ መብላት አልቻልኩም።

እሑድ ረጃፍ ወረድኩ። ወንበር አቀረቡልኝ፤ አልተቀመጥኩም።

«ይሄን ወንበር ማን ሰፋው?» አልኩ፣ ሁሉም እየሰሙ።

ሳቁ። መካኒኩ «ሐቦባ፣ ጣሊያን ሄደን እንጠይቅልሽ?» አለ። በጁባ አረብኛ አያቴ ማለቱ ነው፤ እሱ ራሱ እኩያዬ ነው።

«ጣሊያን ሩቅ ነው፤ አንተም አርጅተሃል። የኋላውን ክፈትና ክሪኩ የተጠቀለለበትን አምጣ።»

ነጋዴው «ማሌሽ፣ ምንም አይደለም፤ እሱ እኮ ዝም ብሎ መጥረጊያ ነው» አለና ወደ መኪናዋ ተጠጋ። መካኒኩ ቁልፉን ከእጁ ወሰደ።

አሮጌውን ቆዳ አውጥቶ አራገፈ፤ ባዲሱ ላይ አነጠፈው። ሰባቱ ጠማማ ቀዳዳዎች በሰባቱ ጠማማ ስፌቶች ላይ ልክክ አሉ። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አጠለቀ። አሁን የሚስቅ ጠፋ። አንድ ወንበር ሁለት ቆዳ ለብሶ ከፋብሪካ አይወጣም።

«መጣመሙ የሰውየው ነው» አልኳቸው። «የሱን አልወስድም። ስፌቱ ግን የኔ ነው።»

መካኒኩ ወደ ነጋዴው ዞረ። «የሷን ጥያቄ እኔ ልድገመው። ማን ሰፋው?»

ነጋዴው ወንዙን አየ። ጫማውን አየ። ናይሮቢ ከእጁ ስትወጣ ታየኝ፤ አሳዘነኝም። ግን አልተቀመጥኩም።

«እሳቸው ናቸው» አለ። «ሁለቱንም ወንበር። ከነጠማማው።»