አንዲት የገብስ ፍሬ

ያን ሰሞን ሳስታውስ ሁሌ ቀድሞ የሚመጣብኝ ጉሙ ነው። ከሞላሌ ወጣ ብሎ ያለው የአባቴ ማሳ በኅዳር ጠዋት ጉም ሲተኛበት ገብሱ ከታች፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ከላይ ይቀራሉ፤ መሐል ላይ ያለ ሰው ድምፁ እንጂ መልኩ አይታይም። እናቴ በበቅሎ፣ አባቴ በእግሩ፣ እኔ ከኋላ ሆነን በዚያ ጉም ውስጥ ያለፍንበትን ጠዋት አንዳንዴ በሕልሜ ያየሁት ይመስለኛል። ሕልም ግን አልነበረም።

በእኛ አገር ቁርባን የሕፃንና የሽማግሌ ነው። ሕፃን ሳለን እናቶቻችን አዝለው ወስደው ያቆርቡናል፤ ጉርምስና ሲመጣ እናቆማለን፤ ከዚያ ፀጉራችን እስኪሸብት «ገና ነኝ» እያልን እንኖራለን። እኔ መሐል ሜዳ ከተማ የማስተምር ጎልማሳ ነኝ፤ ሰንበት በመጣ ቁጥር አስቀድሼ፣ ሌሎች ሲቀበሉ አይቼ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ለምን ብትሉኝ አልበቃሁም እላችኋለሁ። መቼ እንደምበቃ ግን እኔም አላውቅም፣ የሚነግረኝም የለም፤ ይህ ነገር ያናድደኛል። መድኃኒት ነው እየተባለ በሽተኛው ሁሉ ዳር ቆሞ የሚያየው!

እናቴ እንዲህ ያለ ማመንታት አታውቅም። ያለ ሥጋ ወደሙ ሕይወት የለም፤ በቃ። ከአባቴ ጋር በሰማንያ ተጋብተው፣ ወልደው ከብደው፣ እኛን ለወግ ለማዕረግ ካበቁ በኋላ የቀራት ምኞት ከእሱ ጋር መቁረብ ነበር። ባልና ሚስት ደግሞ የሚቆርቡት አብረው ነው፤ አንዱ ካልተዘጋጀ ሌላው ይጠብቀዋል። እሷም ጠበቀች። አባቴ በጠየቀችው ቁጥር ሰበብ አያጣም።

«ከቆረብኩ ወዲያ በሬው ሲያምፅብኝ በምን አፌ ልሳደብ?» ይላታል።

«ዝም በለዋ!»

«ዝም ብሎማ እንዴት ይታረሳል?»

እንዲህ እየተባባሉ፣ እየተሳሳቁ ዘመኑ ሄደ። ከዚያ የእናቴ ልብ ደከመ። ደብረ ብርሃን ወስጄ ሳስመረምራት ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶኝ ብዙ ተስፋ እንዳላደርግ ነገረኝ። ይህንኑ ለአባቴ ነገርኩት። በማግስቱ ጠዋት ማንም ሳይጠይቀው ተነሥቶ ወደ ነፍስ አባታቸው ሄደ። ንስሐ ገቡ፣ ቀኖናቸውን ፈጸሙ፣ ቀን ተቆረጠላቸው። እናቴ ነጭ ቀሚሷን አጥባ አጥር ላይ ስታሰጣ አየኋት፤ ስታየኝ እንደ ሙሽራ አፈረች።

ታናሽ እህቴ እናታችንን ልታስታምም ከደብረ ብርሃን መጥታ ነበር። እሷ ጴንጤ ከሆነች ቆይታለች። መጀመሪያ የነገረችን ጊዜ አባቴ ከቤት አስወጥቷት ነበር፤ አስታርቃ የመለሰቻት እናቴ ናት። መታረቃቸው ግን ክርክሩን አላስቀረውም።

«ጌታ ሁሉን በመስቀል ላይ ጨርሶታል እማዬ» ትላለች እህቴ። «ያመነ ድኗል። እኛም እኮ የጌታን እራት እንወስዳለን፤ መታሰቢያው ስለሆነ ነው። የሚያድነው ግን እሱ ነው እንጂ ኅብስቱ አይደለም።»

«ታዲያ እኔስ የምቀበለው ኅብስት መሰለሽ? እሱን እኮ ነው የምቀበለው።»

አንዷ ስትናገር እሷ ልክ ትመስለኛለች፤ ሌላዋ ስትመልስ ደግሞ እሷ። የመምህርነት በሽታ ሳይሆን አይቀርም። ከሁለቱም የሚያስቀናኝ እርግጠኝነታቸው ነበር።

የተቆረጠው እሑድ ደረሰ። ከዋዜማው ጀምሮ እህልም ውሃም በአፋቸው አልዞረም። እህቴ ቤት ቀረች፤ እኛ ወጣን። መንገዱ የአባቴን ማሳ ለሁለት ከፍሎ ያልፋል። የገብሱ ዛላ ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ ተቀምጧል። አባቴ የበቅሎዋን ልጓም ይዞ ከፊት ይመራል፤ የኮቴዋ ድምፅ እንኳ በጉሙ ታፍኖ ነበር። ደስታ ይሁን ፍርሃት ያልለየሁት ነገር ደረቴን ሞልቶት ነበር።

ከዚያ የአባቴ እጅ ወደ ገብሱ ሄደ። አንዲት ዛላ ቀነጠሰ፤ በመዳፉ አሸት አሸት አደረጋት፤ ገለባውን እፍ አለና ፍሬዋን በጥርሱ ሰበራት። ገብስ ለአጨዳ መድረሱን የሚያውቀው እንዲህ ነው፤ ሲነክሰው ቀጭ ካለ ደርሷል። ዕድሜ ልኩን በዚያ ባለፈ ቁጥር የሚያደርገው ነገር ነው።

«ደርሷል» አለ ለራሱ።

ወዲያው ቀጥ ብሎ ቆመ። በቅሎዋም ቆመች።

«ዋጥካት?» አለችው እናቴ ከበቅሎዋ ላይ።

«ዋጥኳት።»

በዚያ ጉም ውስጥ ከእኛ በቀር ያየ አልነበረም። ማን አየ፣ ዝም ብለን እንሂድ ልል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። አባቴ ግን እንደገና መራመድ ጀመረ፤ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ለነፍስ አባታቸው የሆነውን ነገራቸው።

«እንግዲህ ጾሙ ተፈታ፤ አንተ ዛሬ አትቀበልም» አሉት አባ። ወደ እናቴ ዞረው ደግሞ፣ «አንቺ ግን በሽተኛ ነሽ። እሱ ከፈቀደልሽ ግቢ፤ ስለ እናንተ እኔ እጠየቃለሁ» አሏት።

«ግቢ!» አላት አባቴ። «ኧረ በፈጠረሽ፣ ግቢ!»

«ብቻዬን ገብቼ ምን ልሁን?» አለች።

ደግፌ አወረድኳት። ከቅጥሩ ሥር ጥድ ተጠግታ ተቀመጠች፤ አባቴንም ነጠላውን ጎትታ አጠገቧ አስቀመጠችው። ቅዳሴው እስኪያልቅ እዚያው ነበሩ። ዜማው በጉሙ ውስጥ እየራቀ እየቀረበ ይመጣል፤ እነሱ ጎን ለጎን ሆነው ይሰማሉ። እኔ በአባቴም፣ በገብሱም፣ በሥርዓቱም ተናድጄ ነበር። ከንዴቱ ሥር ፍርሃት ነበረ፤ ሌላ እሑድ ላታገኝ ትችላለች።

ቤት ስንደርስ እህቴ ነገሩን ሰምታ የእናቴ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ያለ ቁርባን ሕይወት የለም ስትይ አልነበር?»

«አዎ። አሁንም የለም።»

«ታዲያ ለአንዲት የገብስ ፍሬ ብለሽ ተውሽው?»

«ለገብሱ አይደለም፤ ለአባትሽ ነው። እዚያ ደርሼ የት ጥለሽው መጣሽ ብባል ምን እመልሳለሁ?»

እህቴ ብድግ አለች። ወደ ጓሮ ወጣች፤ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ በቤታችን ስለ ቁርባን ክርክር አልተነሣም።

ሌላ ቀን ተቆረጠላቸው። በመሐሉ እናቴ በጣም ደከመች፤ ቀኑ ሲደርስ በቅሎ ላይ መቀመጥ ስላልቻለች ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸከሟት። የሰው ገብስ ሁሉ ታጭዶ ነበር። የኛ ብቻ እንደቆመ ነው፤ አባቴ ማጭድ ለመያዝ እጁ እንቢ ብሎታል። የማሳው ጫፍ ላይ ስንደርስ፣ ነጠላዋን ለብሳ ከኋላ ትከተል የነበረችው እህቴ ፈጠን ብላ ደረሰችበት።

«አባዬ፣ እጅህን ስጠኝ።»

ደንግጦ ሰጣት። ወደ እኔ ዞራ «አንተ ያንኛውን እጁን ያዝ» አለችኝ። መንገዱ ለሦስት ሰው አይበቃም፤ እሷም እኔም ገብሱን እየታከክን፣ በውርጩ እየራስን አለፍን።

«እንደ ሌባ ያዛችሁኝ እኮ!» አለ አባቴ።

ከቃሬዛው ላይ የእናቴ ሳቅ ተሰማ። ትንሽ ሳቅ ነበረች፤ ትንፋሽ አጥሯታል። «አጥብቃችሁ ያዙት!» አለች።

እህቴ ከቅጥሩ በር አላለፈችም። እኛ ገባን። እናቴ ስትቀበል፣ ቀጥሎ አባቴ ሲቀበል አየሁ፤ እኔም አለቀስኩ። ሲወጡ ሁለቱም አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ነበር፤ ከቆረቡ በኋላ አይወራምና አንድም ቃል አልተናገሩም። አባቴ በሩ ጋ ሲደርስ ባዶ እጁን ለእህቴ ዘረጋላት።

እናቴ ገብሱ ሳይወቃ ዐረፈች።

አሁን አባቴ ብቻውን ይቆርባል። እኔ አሁንም ገና ነኝ። እህቴም ሐሳቧን አልቀየረችም፤ የሚያድነው እሱ ነው እንጂ ኅብስቱ አይደለም ትላለች። ግን አባቴ የሚቆርብ ቀን ከደብረ ብርሃን ትመጣለች፤ እስከ ቅጥሩ በር ትሸኘዋለች። በበጋ ማሳው ታጭዶ ባዶ ሲሆን፣ የሚቀነጠስ ነገር ሳይኖር እንኳ፣ እዚያች መንገድ ላይ ሲደርሱ እጁን ትይዘዋለች።